የመጋዘኑ ቆጥና ዐሥራ ሁለተኛው ቋሚ

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት መሥሪያ ቤቴ ለሽኝት ጠራኝ። ጋቢ አለበሱኝ፤ ጥቂት ንግግር ተደረገ። ከዚያ አንድ ትሑት ወጣት መሐንዲስ አዲሱን መጋዘን ሊያሳየኝ ይዞኝ ዞረ። መጋዘኑ ከወለሉ ከፍ ብሎ በብረት ቋሚዎች ላይ የተዘረጋ ሌላ ወለል አለው፤ ከታች ከባድ ከባዱ፣ ከላይ ቀላል ቀላሉ ዕቃ ተደርድሯል።

«ይኸ ሜዛኒን ይባላል አባቴ። በእናንተ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም መቼም» አለኝ።

«ነበር። እኛ ቆጥ ነበር የምንለው» አልሁት።

የቀለድሁ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድሁም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ከእኔ ጋር የሠሩት አብዛኞቹ አልፈዋልና ነገሩን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ያንን ቆጥ እንዴት እንደሠራነው፣ በእኔ ጥፋት እንዴት እንደወደቀና እንዴት እንደተነሣ ልጽፈው ተቀመጥሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ለገበሬ የሚከፋፈል የእርሻ ዕቃ በሚከማችበት መጋዘን በጥገና ሠራተኝነት ተቀጠርሁ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ብየዳ ተምሬ የወጣሁ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ የማይመስለኝ ጎረምሳ ነበርሁ። ደመወዙ እንደ ዘመኑ ነው፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም። ሥራው ግን ብዙ ነበር። በር ይጠገናል፣ ጋሪ ይበየዳል፣ የሚያፈስ ጣሪያ ይደፈናል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከእኛ ተነሥቶ ከፊሉ በመኪና ወደ ገጠር፣ ከፊሉ በጀልባ ሐይቁን ተሻግሮ ወደ ደልጊና ወደ ጎርጎራ ይሄዳል።

ችግራችን ቦታ ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል መኪኖቹ ተከታትለው ይመጣሉ፤ መጋዘኑ ይሞላል፤ የተረፈው በግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ ያድራል። ሸራ ደግሞ የባሕር ዳርን ዝናብ አይችለውም። እርጥበት የነካው ማዳበሪያ እንደ ድንጋይ ይደድራል። አንድ ዓመት ከሰባታሚት የመጡ ሽማግሌ ገበሬ የደረሳቸውን ጆንያ በዱላቸው ጫፍ ቢመቱት ኳ አለ። ወደ እኔ ዞረው፣

«ልጄ፣ ይኸን የምንዘራበት ነው ወይስ የምናጥርበት?» አሉኝ።

አዲስ መጋዘን እንዲሠራ ተጠይቆ ሲሚንቶም በጀትም የለም ተብሎ ነበር።

መላውን ያመጣችው እትየ አንጓች ናት። የተቀደደ ጆንያ የምትሰፋ ሠራተኛችን ነበረች፤ አንደበቷ ከጆንያ መርፌዋ ይሾላል። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ጓድ ተስፋዬ በመጋዘኑ መካከል ቆሞ ራሱን ይዞ ሲጨነቅ አየችው። ጓድ ተስፋዬ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ክፉ ያልሆነ፣ ግን በቶሎ የሚደነግጥ ሰው ነው።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ በአገርዎ ቤት ቆጥ የለውም እንዴ?» አለችው።

«የምን ቆጥ?»

«እኛ ወለሉ ሲጠብብን ቀላል ቀላሉን ቆጥ ላይ እናወጣለን። እዚህ ግን ሁሉም ወደ መሬት ያያል። እስቲ ቀና ይበሉ!»

ሁላችንም ቀና አልን። ከጆንያው ክምር በላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ከርግብ በቀር ምንም የለም። ማዳበሪያን እስከ ላይ መከመር አይቻልም፤ የታችኛው ጆንያ በላይኛው ክብደት ይደድራል። ከወለሉ እኩሌታውን የያዘው ደግሞ ማዳበሪያ አልነበረም። ባዶ ጆንያ፣ በካርቶን የታሸገ የፀረ ተባይ መርጫ ፓምፕ፣ የመለዋወጫ ሣጥን ነበር። ያ ሁሉ ወደ ላይ ቢወጣ ወለሉ ለማዳበሪያው ይለቀቃል።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን» አለ ጓድ ተስፋዬ።

«እኛ ልናወጣ ነው እንጂ ልናወርድ አይደለ» አለችው። ሳቀና ፈቀደ።

ሥራው ለእኔና ለአናጢያችን ለአያ ልንገረው ተሰጠ። አያ ልንገረው የመሪጌታ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው በአንዱ የጣና ደሴት ገዳም ዜማ ሲማሩ ከርመው፣ የመነኮሳቱን ቤት ሲያድሱ እዚያው እንጨት ሥራ ለመዱ። ዜማውን ቢተዉትም ጆሮው አብሯቸው ቀረ። እንጨትም ሆነ ብረት ሲመጣላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው አንጓ ያንኳኳሉ፤ እንደ የኔታ ራሳቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ። የታመመውን እንጨት «ይኸ ድምፁ ተሰብሯል» ብለው ወደ ጎን ያደርጉታል። «ይበቃል» የሚል ቃል ከሰሙ ይቆጡ ነበር። «ይበቃል ለወጥ ነው» ይላሉ። ሌላም ልማድ ነበራቸው። መደርደሪያም ይሁን ጣሪያ፣ ሠርተው የጨረሱትን ነገር ሰው ሁሉ ከመጠቀሙ በፊት ከሥሩ ቁጭ ብለው ምሳቸውን ይበላሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «እኔ ያልተቀመጥሁበት ቦታ ሌላውን አስቀምጣለሁ?» አሉኝ።

እኔ በእርሳስና በወረቀት የምሠራ ነኝ። ስንት ኩንታል ላይ እንደሚጫን፣ ለአንድ ቋሚ ስንት እንደሚደርሰው አስልቼ አሳየኋቸው። ወረቀቱን ተቀብለው በአክብሮት አዩት።

«አንተ በወረቀት ቁጠር፤ እኔ በጆሮዬ እሰማለሁ። የተስማማንበትን እንሠራለን» አሉኝ።

ተስማማን። ከተፈታ አሮጌ ጀልባ የተረፈ ብረት ለምነን አገኘን፤ እሱን አግዳሚ አደረግነው። ለወለሉ የደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ ተመረጠ። ቋሚዎቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ በሦስት ረድፍ አራት አራት። ብየዳውን እኔ ሠራሁ። አያ ልንገረው ግን ከብረቱ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው መሬቱ ነበር። የመጋዘኑ ሊሾ ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው በአንዳንድ ቦታ፣ በተለይ በሐይቁ በኩል፣ ተሞልቶ የተደለደለ አፈር ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቋሚ ሥር ሊሾው ተሰብሮ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈራል፣ ድንጋይ ይጠቀጠቃል፣ አርማታ ይሞላል፤ ቋሚው በዚያ ላይ ይተከላል።

«ሰው የሚያየው ብረቱን ነው፤ የሚሸከመው ግን ይኸ የተቀበረው ነው» ይሉኝ ነበር።

ዐሥራ አንዱን እንዲህ አድርገን ተከልን። የቀረው በሐይቁ በኩል፣ በማዕዘኑ ያለው ዐሥራ ሁለተኛው ነበር። ያን ጊዜ የአያ ልንገረው ወንድም ተዝካር ደረሰና ለሦስት ቀን ወደ ደሴቱ ሄዱ። ሲሄዱ፣ «የማዕዘኑን እኔ ሳልመጣ እንዳትነካው። መሬቱን አላመንሁትም» ብለውኝ ነው።

በማግሥቱ ጓድ ተስፋዬ እየሮጠ መጣ።

«መኪኖቹ ነገ ይገባሉ። ምን ቀረ?»

«አንድ ቋሚ። ሲሚንቶውም አልቋል።»

«አንድ? ዐሥራ አንዱ ቆሞ አንዱ ምን ያደርጋል? እባክህ አበጀ፣ ዕቃው ዝናብ ላይ ሊያድር ነው» አለኝ።

አያ ልንገረው እስኪመጡ ቢጠበቅ ይሻላል ማለት እችል ነበር። አላልሁም። ልሙት፣ ያን ጊዜ ያሰብሁት ስለ ዝናቡ ብቻ አይደለም። አያ ልንገረው ሲመለሱ ሥራውን ብቻዬን ጨርሼ ሊያገኙኝ ፈልጌ ነበር። ሰፊ ላሜራ ቆርጬ በሊሾው ላይ አነጠፍሁና ቋሚውን በላዩ በየድሁት። ከመበየዴ በፊት እንደ እሳቸው ሊሾውን አንኳኳሁ። እንደ ከበሮ ጮኸ። ባዶ ነው። ሰማሁት፤ እንዳልሰማ ሆንሁ።

ሲመለሱ ከላይ ዕቃው ተደርድሯል፤ ከታች ማዳበሪያው ገብቷል። ወደ ማዕዘኑ ሄደው ቋሚውን በእጃቸው ያዙት፤ ሥሩን ላሜራው ስለሸፈነው አይታይም።

«ቆፈርኸው?»

«አዎ» አልሁ።

«ጠንካራው ላይ ደረስህ?»

«ደረስሁ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ምሳቸውን ፈትተው ከዚያው ከማዕዘኑ ሥር ተቀምጠው በሉ። እኔም አብሬያቸው እንድቀመጥ ጠሩኝ። ሥራ አለኝ ብዬ ወጣሁ። ያችን ምሳ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

አንድ ወር ያህል ምንም አልሆነም። መጋዘኑ ውስጥ ከቀድሞው በሲሶ የሚበልጥ ማዳበሪያ ገባ፤ ሁሉም አመሰገነን። እኔም ቀስ በቀስ ውሸቴን ረሳሁት። ከዚያ ክረምቱ ገባ። በሐይቁ በኩል ያለው የውኃ ቦይ ሞልቶ ውኃው በግድግዳው ሥር ይሰርግ ጀመር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ግቢ ውስጥ ጋሪ እየጠገንሁ፣ ከመጋዘኑ ረጅም የብረት ሲቃ ሰማሁ፤ ተከትሎ ጩኸት። ስገባ የማዕዘኑ ቋሚ ሊሾውን ሰብሮ እስከ ጉልበቴ ድረስ ሰጥሟል። ቆጡ ወደዚያው አዘንብሎ የፓምፑ ካርቶንና የመለዋወጫው ሣጥን ተንሸራቶ ወርዷል። ከሥሩ፣ ጥጉን ወድዳ ጆንያ ስትሰፋ የነበረችው እትየ አንጓች ተይዛለች።

ሣጥኖቹን አንሥተን አወጣናት። ቅልጥሟ ተሰብሯል። በቃሬዛ ይዘናት ስንሮጥ አላለቀሰችም፤ «መርፌዬን፣ መርፌዬን ሰው እንዳይረግጣት» ትል ነበር።

በማግሥቱ ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ካድሬ መጣ። ያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር «ተሰበረ» ተብሎ የሚያልፍበት አልነበረም፤ «ማን ሰበረው?» ነው የሚባለው። ካድሬው «አሻጥር» የሚለውን ቃል ከመቀመጡ ነው ያነሣው። የተሰበረው ሊሾ ተነሥቶ ሲታይ ጉድጓድ የለም፣ ድንጋይ የለም፣ አርማታ የለም። ጥቁር ጭቃ ብቻ። አያ ልንገረው ጎንበስ ብለው ጭቃውን አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ካድሬው ዞሩ።

«ሥራውን የምመራው እኔ ነኝ። ኃላፊነቱ የእኔ ነው» አሉ።

ዲያቆን እንደነበሩና የመሪጌታ ልጅ መሆናቸው በፋይላቸው ተጽፏል። ለካድሬው ከዚህ የበለጠ አላስፈለገውም። ያን ዕለት ቀበሌ ወስደው አሰሯቸው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ሲወስዷቸው አይቼ ጋሪዬን ልጠግን ተመለስሁ።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድሁ። እትየ አንጓች እግሯ በጄሶ ታስሮ ጋደም ብላለች። ከአልጋዋ አጠገብ ቆሜ ሁሉን ነገርኋት፤ ያልቆፈርሁትን፣ የዋሸሁትን፣ ዝም ያልሁትን። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እኔን ይቅርታ ልትጠይቅ ነው የመጣኸው?»

«አዎ እትየ።»

«የእኔ እግር ሐኪም አለው፤ ጄሶ አስሮለታል። አያ ልንገረውን የሚፈታ ግን አንተ ብቻ ነህ። ለእኔ ያልኸውን እዚያ በል። ከዚያ ተመልሰህ ይቅርታ ጠይቀኝ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሠራተኛው ስብሰባ ነበር። በስብሰባው መጨረሻ ሂስና ግለሂስ የሚባል ነገር አለ፤ ሰው ተነሥቶ ጥፋቱን ይናገራል። ሁላችንም የሚያስጠይቅ ጥፋት ላለማንሣት «አንዳንድ ቀን አረፍዳለሁ» እያልን የምናልፈው ነው። ካድሬው አያ ልንገረውን አስመጥቶ ከፊት አስቀምጧቸዋል። ፂማቸው አድጓል። ተነሣሁ።

«ጉድጓዱን ያልቆፈርሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «አያ ልንገረው እንዳትነካው ብለውኝ ሄዱ። እሳቸው በሌሉበት ተከልሁት። ሲመለሱ ቆፍሬአለሁ ብዬ ዋሸኋቸው። እሳቸው ቃሌን አምነው ከሥሩ ተቀምጠው ምሳ በልተዋል። ሰው የሚገድል ነገር አውቆ የሠራ ከሥሩ ይቀመጣል?»

ካድሬው «ማን አዘዘህ?» ብሎ ጮኸብኝ።

«ማንም።»

ያኔ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። በቶሎ የሚደነግጠው ጓድ ተስፋዬ ከመቀመጫው ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ያጣደፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «አንድ ቋሚ ምን ያደርጋል ያልኩት እኔ ነኝ። ማዳበሪያው እንዳይበላሽ ብለን ነው። ስሕተት ነው፤ አሻጥር ግን አይደለም። እንዲህ ተብሎ ይጻፍልኝ።»

ከኋላ ጫኝና አውራጆቹ አንድ በአንድ «እውነት ነው! እውነት ነው!» ማለት ጀመሩ። ካድሬው ብዙ ጻፈ፤ ብዙም ተቆጣ። በመጨረሻ አያ ልንገረው ያንኑ ዕለት ተፈቱ። ጓድ ተስፋዬ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። እኔ ከጥገና ክፍል ተነሥቼ ጫኝና አውራጅ ሆንሁ። ከሚፈራው አንጻር ቀላል ነው። እሑድ ሆስፒታል ሄጄ እትየ አንጓችን ይቅርታ ጠየቅኋት። «አሁን ተቀመጥ» ብላ ከአልጋዋ ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ።

አያ ልንገረው ግን አላናገሩኝም። አንድ ሳምንት ሙሉ ጆንያ ተሸክሜ በፊታቸው ሳልፍ እንደማያውቁኝ ያልፉኛል። በስምንተኛው ቀን ማለዳ፣ ግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ሥራ አስኪያጁ ቆጡ ይታደስ ብሏል» አሉኝ። «ቁፋሮ አለ። ዶማ ይዘህ ና።»

«እኔን ያምኑኛል አያ?»

«ዶማ ይዘህ ና ነው ያልሁህ።»

ቆፈርሁ። የሰጠመውን ብቻ አልነበረም፤ ዐሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ገልጠን አየን። የማዕዘኑ ጉድጓድ ከሁሉ የከፋ ነው። እስከ ወገቤ ብቆፍር ጭቃ፤ እስከ ደረቴ ብቆፍር ጭቃ። ውኃውን በባልዲ እየቀዳሁ፣ እሳቸው ከላይ ሆነው «ቀጥል» እያሉ፣ ሁለት ቀን ወሰደብን። በሁለተኛው ቀን ዶማዬ ድንጋይ ነካ። አያ ልንገረው ሽማግሌነታቸውን ረስተው በመሰላል ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። ጭቃውን ጠርገው በመዶሻ ደጋግመው መቱት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«አሁን መለሰ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ቀድሞው አወሩኝ።

ቦዩን ከግድግዳው አራቅነው። ሲሚንቶ እስኪመጣ ጠበቅን፤ የፈሰሰውም አርማታ እስኪጠነክር ጠበቅን። ጓድ ተስፋዬ በየጠዋቱ እየመጣ ያያል፤ «ፍጠኑ» ግን አንድ ቀን አላለም። ቆጡ ሲያልቅ ዕቃ አልጫንንበትም። መሞከሪያ ዘዴ እኔ አመጣሁ። ባዶ በርሜሎች ከላይ ደረደርን፤ ከአግዳሚዎቹ ሥር ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጠርን። አንድ በርሜል ውኃ ሁለት ኩንታል ይመዝናል። ከሐይቁ ውኃ እየቀዳን ጥቂት ጥቂት እያልን ሞላናቸው። አግዳሚው ከጎበጠ ሲባጎውን ይነካል፤ ያኔ ውኃውን መልቀቅ ነው፣ ማንም አይጎዳም። ጫኞቹ፣ ጆንያ ሰፊዎቹ፣ ዘበኛው ሳይቀር ተሰልፈው ባልዲ ተቀባበሉ። የመጨረሻው በርሜል ሞላ። አግዳሚው ሲባጎውን አልነካም። በማግሥቱም አልነካም። አያ ልንገረው ያንን የስሌት ወረቀቴን ጠይቀው ተቀበሉኝና አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ የበለጠ ምስጋና አላየሁባቸውም።

እትየ አንጓች በምርኩዝ ተመለሰች። ከሥር አልተቀመጠችም። ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥታ ከላይ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። «ሐሳቡ የእኔ ነው፤ መጀመሪያ እኔ መቀመጥ ነበረብኝ» አለች። በኋላ የቆጡ ዕቃ ኃላፊ ሆነች፤ ያለ እሷ ፈቃድ አንድ ካርቶን ወደ ላይ አይወጣም ነበር። ትንሽ ማነከሱ ግን አብሯት ቀረ። ባየኋት ቁጥር አየዋለሁ።

በሚቀጥለው ክረምት መግቢያ በግቢያችን ሸራ አልተዘረጋም። ሁሉም ከጣሪያ ሥር ገባ። ወሬው ሐይቁን ተሻገረና ከደልጊ መጋዘን ቆጥ የሚሠራ ባለሙያ ይላክልን የሚል ደብዳቤ መጣ። ጓድ ተስፋዬ አያ ልንገረውን ጠራቸው፤ እሳቸው እኔን ይዘውኝ ገቡ።

«አበጀ ይሂድ» አሉ።

ጓድ ተስፋዬ አመነታ። እኔም ደነገጥሁ። «አያ፣ እርስዎ እያሉ? ያን ሁሉ ካጠፋሁ በኋላ?»

«ያልሳተ ሰው ብልክ የሚስተው እዚያ ነው» አሉኝ። «አንተ ስተህ ጨርሰሃል።»

ሳቅን። ወደ ጥገና የመለሰኝ ደብዳቤ በዚያው ቀን ተጻፈ። በሳምንቱ ጀልባ ተሳፈርሁ። ደልጊ ስደርስ የጠበቁኝን ሠራተኞች ሰበሰብሁና ከሁሉ አስቀድሜ የማዕዘኑን ቋሚ ነገር አንድም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ከዚያ በኋላ በጎርጎራም፣ በሌላም ቦታ ብዙ ቆጥ ሠርቻለሁ፤ በሄድሁበት ሁሉ መጀመሪያ የምናገረው ያንን ነው። አፍሬም አላውቅ።

የደልጊው ቆጥ በሁለት ወር አለቀ። እኔ ሥራዬን ጨርሼ ጀልባ እየጠበቅሁ ሳለሁ ለገበሬው ማዳበሪያ መታደል ተጀመረ። ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያባራ ጥሏል። አንድ አዛውንት አህያቸውን በር ላይ አስረው ገቡና የተሰጣቸውን ጆንያ በጥርጣሬ ተመለከቱት። አፉን ፈትተው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገቡ። ዘግነው አወጡት። በጣቶቻቸው መካከል እንደ ጤፍ ፈሰሰ።

«ይኸ የዘንድሮ ነው?» አሉኝ።

«የዘንድሮ ነው አባቴ።»

«በዚህ ዝናብ?»

«በዚህ ዝናብ።»

ደግመው ዘገኑ፤ ደግመው አፈሰሱት። ከዚያ ቶሎ ብለው አፉን አሰሩና፣ «እስቲ አንሣልኝ፣ መሬቱ እየጠበቀኝ ነው» አሉኝ። እኔ በአንድ በኩል፣ እሳቸው በአንድ በኩል ሆነን ጆንያውን አህያው ላይ ጫንነው።